ልብሱ ያልደረቀ ወንድም

አንዲት ሴት ከአሮጊት እናቷ ጋር በአንድ ቤት ትኖራለች። መተዳደሪያዋ የሌሎች ሰዎችን ታሪክ በእነርሱ ስም መጻፍ ነው። ከከባድ አደጋ የተረፉ ሰዎች የሚነግሯትን አቀናብራ መጽሐፍ ታደርገዋለች፤ በመጽሐፉ ሽፋን ላይ ግን የእርሷ ስም አይወጣም። ከዕለታት አንድ ሌሊት፣ ከሃያ አምስት ዓመት በፊት በስደት ጀልባ ላይ የተገደለው ወንድሟ ወደዚያ ቤት ይመጣል። መልኩ በሞተበት ዕለት እንደ ነበረው ነው፤ ልብሱም እንደ ረጠበ ነው። እናቲቱ በነገሩ አትደናገርም። ልጇ ሰፊውን ውቅያኖስ በዋና ሲያቋርጥ መኖሩን፣ ይህን ሁሉ ዓመት የዘገየውም መንገዱ ሩቅ በመሆኑ እንደ ሆነ ለልጅቱ ታስረዳታለች።

ይህ ታሪክ ትውልደ ቬትናም አሜሪካዊው ደራሲ ቪየት ታን ንጉየን እ.ኤ.አ. በ2017 «ስደተኞች» በሚል ርእስ ያሳተመው የአጫጭር ልብ ወለዶች መድበል መክፈቻ ነው። መድበሉ ስምንት ታሪኮችን ይዟል። ስለ ጦርነት የተጻፈ መጽሐፍ ነው ብሎ የሚገልጠው አንባቢ የመድፍና የአውሮፕላን ድምፅ ይጠብቅ ይሆናል። በገጾቹ ውስጥ የሚያገኘው ግን የግሮሰሪ መደብር፣ የልብስ ስፌት መኪና፣ የሚስቱን ስም የዘነጋ አዛውንት ፕሮፌሰር፣ በእሳት የነደደ የቤተ ሰብ ፎቶግራፍ ነው። ጦርነቱ ካበቃ ብዙ ዓመት ሆኖታል፤ ሰዎቹ ግን ገና አልወጡበትም።

በቬትናማውያን ልማድ ዘንድ ሙታን ከቤተ ሰባቸው አይለዩም። በየቤቱ የቀደሙት ወላጆች ሥዕል ወይም ፎቶግራፍ የሚቀመጥበት፣ ዕጣን የሚጤስበት ስፍራ አለ፤ ዕለተ ሞታቸው በየዓመቱ ሲመጣም ምግብ ተዘጋጅቶ ዘመድ ይሰበሰባል። ከቤቱ ርቆ፣ ሥርዓት ሳይፈጸምለት የሞተ ሰው ነፍስ ማረፊያ አጥታ ትንከራተታለች ተብሎ ይታመናል። አርባና ተዝካር ለሚያውቅ፣ ልጁ በሰው አገር ሞቶበት አስከሬኑን ሳያይ እርሙን ለማውጣት ለተቸገረ አንባቢ ይህ እምነት እንግዳ አይሆንበትም። ልብሱ ያልደረቀው ወንድም እርም ያልወጣለት ሟች ነው። ባሕር መቃብር የለውም፤ በባሕር ላይ ለሞተ ሰው ድንጋይ አይቆምለትም፤ አበባም አይቀመጥለትም። ደራሲው በዚህ አጭር ታሪክ ያነሣው ጥያቄም ከዚህ የሚመነጭ ነው። መቃብር የሌለውን ሰው ማን ያስታውሰዋል? በማንስ አንደበት?

የነገሩ ታሪካዊ መነሻ የታወቀ ነው። ሚያዝያ 22 ቀን 1967 ዓ.ም.፣ ማለትም እ.ኤ.አ. አፕሪል 30 ቀን 1975፣ የሰሜን ቬትናም ታንኮች ሳይጎን ገቡ። ለቬትናም ሕዝብ ብዙኃን ከፈረንሳይ ቅኝ ግዛት ዘመን ጀምሮ ሲካሄድ የነበረው ረጅም የነጻነት ጦርነት በድል የተደመደመበት ቀን ነበር። ለተሸናፊው ወገን ደግሞ የአገር ማጣት ቀን ሆነ። በዚያ ዓመት ብቻ ከ120,000 በላይ ሰዎች ወደ አሜሪካ ሄዱ። ከዚያም እስራትና «የተሐድሶ ትምህርት» ካምፕ፣ የኢኮኖሚ ችግር፣ በ1979 ደግሞ ከቻይና ጋር የተነሣው ጦርነት ተከትለው መጡ። ሕዝቡ በትናንሽ የዓሣ ማጥመጃ ጀልባዎች ወደ ባሕር ወጣ። ከ1975 እስከ 1995 ባሉት ሃያ ዓመታት 800,000 የሚጠጉ ሰዎች በጀልባ ተጉዘው የጎረቤት አገሮችን ዳርቻ ረገጡ። በማዕበል የሰጠሙት፣ በውኃ ጥም ያለቁት፣ በባሕር ወንበዴዎች የተገደሉት በዚህ ቁጥር ውስጥ አይገኙም። አንድ ኪሎ ሜትር ካሬ በማይበልጥ ስፋት ላይ ባረፈችው በማሌዢያዋ ፑላው ቢዶንግ ደሴት በ1979 እስከ 40,000 የሚደርሱ ስደተኞች ተጨናንቀው ነበር። በዚያው ዓመት በሐምሌ ወር በጄኔቭ በተደረገው ጉባኤ የተሰበሰቡ መንግሥታት 260,000 ለሚሆኑ ስደተኞች ስፍራ ለመስጠት ቃል ገቡ።

ቪየት ታን ንጉየን በ1971 የተወለደው በማዕከላዊው ደጋ በምትገኘው በባን ሜ ቱኦት ከተማ ነው። በመጋቢት ወር 1975 በመጨረሻው ዘመቻ በመጀመሪያ የተያዘችው ከተማ ይህችው ነበረች። አባትየው በዚያን ጊዜ ለሥራ ሳይጎን ነበሩ። እናትየው ሁለት ወንዶች ልጆቻቸውን ይዘው በእግር ወደ ባሕር ዳርቻ ተጓዙ። በጉዲፈቻ ያሳደጓት ታላቅ ልጅ ግን ቤትና ንብረት እንድትጠብቅ ወደ ኋላ ቀረች። ቤተ ሰቡ እንደሚመለስ የተጠራጠረ አልነበረም።

አልተመለሰም። በአሜሪካ በፔንሲልቫኒያ ግዛት በነበረው የስደተኞች ካምፕ የነበረው ደንብ ስደተኛው ኃላፊነት የሚወስድለት ቤተ ሰብ ካላገኘ ከካምፑ እንዳይወጣ የሚከለክል ነበር። አራቱንም በአንድነት የሚቀበል ሰው አልተገኘም። ስለሆነም ወላጆች ለአንዱ፣ ታላቅ ወንድም ለሌላው፣ የአራት ዓመቱ ሕፃን ደግሞ ለሦስተኛው ተሰጡ። ሕፃኑ ከወላጆቹ ጋር የተገናኘው ከጥቂት ወራት በኋላ ነው። ደራሲው በኋላ በጻፋቸው ጽሑፎች የትዝታው ሁሉ መጀመሪያ ይህ መለያየት እንደ ሆነ ገልጿል። ስለ አገሩ የሚያስታውሰው ነገር እጅግ ጥቂት ነው፤ ከእናቱ ጉያ ሲወሰድ ያለቀሰውን ለቅሶ ግን አልረሳውም።

ወላጆቹ በኋላ በካሊፎርኒያ ሳን ሆዜ ከተማ ግሮሰሪ ከፈቱ። ስሙንም «አዲሲቱ ሳይጎን» አሉት። ሩዝና የዓሣ ቅመም ለመግዛት የሚመጣው ስደተኛ ወሬና ናፍቆትም ይሸምትበት ነበር። በመድበሉ ውስጥ የሚገኘው «የጦርነት ዓመታት» የተባለው ታሪክ በእንዲህ ያለ መደብር ውስጥ የሚፈጸም ነው። ዘመኑ 1983 ነው። ወይዘሮ ሆዋ የሚባሉ ሴት ኮሚኒስቶችን በጦር ኃይል መልሶ ለመውጋት ለተነሣው የሽምቅ ሠራዊት ገንዘብ እያዋጡ በየሱቁ ይዞራሉ። የመደብሩ ባለቤት፣ የተራኪው ልጅ እናት፣ ጦርነቱ እንዳበቃ፣ ያ ገንዘብም በከንቱ የሚበተን እንደ ሆነ ስለሚያውቁ እምቢ ይላሉ። ሴትዮዋ በሰው ፊት የኮሚኒስት ደጋፊ ብለው ያሳጧቸዋል። እንዲህ ያለ ስም በስደተኛው ሠፈር የወጣበት ሰው ደንበኛውን ያጣል፤ እንጀራው ይዘጋበታል።

እናትየው በቁጣ ተነሥተው ሴትዮዋን እስከ ቤታቸው ይከተላሉ። ከዚያ የሚያዩት ነገር ግን ከጠበቁት የተለየ ነው። ወይዘሮ ሆዋ ለዚያ ላልተወለደ ሠራዊት የወታደር ልብስ ይሰፋሉ። ባላቸውም ወታደር ነበር፤ ልጃቸውም ወታደር ነበር። ሁለቱም አልተመለሱም፤ እርማቸውም አልወጣም። ለሴትዮዋ ጦርነቱ አብቅቷል ማለት ባላቸውና ልጃቸው ሞተዋል ብሎ እንደ መፈረም ነው። ስለዚህ ጦርነቱ እንዳያበቃ ቀንና ሌሊት ይሰፋሉ። የመደብሩ ባለቤት ይህን ካዩ በኋላ እጃቸውን ወደ ቦርሳቸው ሰደው ቀድሞ የከለከሉትን ገንዘብ አውጥተው ይሰጣሉ። ለሠራዊቱ እንዳልሰጡ አንባቢ ይረዳል። ያ ገንዘብ እንደ ለቅሶ ቤት እጅ መንሻ የሚቆጠር ነው።

በዚህ ትዕይንት የደራሲው ሚዛን ይታያል። የወይዘሮ ሆዋን ፖለቲካ አይደግፍም፤ በእርሳቸውም ላይ አይሳለቅም። የተሳሳተ ዓላማ የያዘ ሰው ሐዘኑ እውነተኛ ሊሆን እንደሚችል ያሳያል። በጦርነት ውስጥ ያለፈ ማንኛውም ኅብረተሰብ ይህን ለመቀበል ይቸገራል። የባለድሉ እናት ስታለቅስ ለቅሶዋ የአገር ለቅሶ ይሆናል፤ የተሸናፊው እናት ለቅሶ ግን ከበር ውጭ እንዳይሰማ ይፈለጋል።

ይሁንና የባለድሉም እናት ብትሆን የተፈቀደላት ለቅሶ በልክ የተቆረጠ መሆኑን ያስረዳ ሌላ መጽሐፍ አለ። ደራሲው ባኦ ኒን ይባላል። በ1952 የተወለደው ባኦ ኒን ከሰሜን ቬትናም ወጣት ወታደሮች አንዱ ሆኖ በ1969 ወደ ግንባር ዘመተ። በአንድነት ከዘመቱት 500 ወጣቶች በሕይወት የተረፉት አሥር ብቻ ነበሩ። «የጦርነት ሐዘን» የተባለው ልብ ወለዱ ዋና ገጸ ባሕርይ ኪየን ይባላል። ኪየን ከድሉ በኋላ የተሰጠው ግዳጅ በጫካ ውስጥ የወደቁ ጓዶቹን አፅም መልቀም ነው። በከባድ መኪና ላይ ከአፅሞቹ ጋር ያድራል፤ ሌሊት ድምፃቸውን ይሰማል። ወደ ሃኖይ ሲመለስ የወጣትነት ፍቅሩም እርሱ ራሱም ቀድሞ የነበሩት ሰዎች አይደሉም። ቁጭ ብሎ ይጽፋል፤ የጻፈውም ቅደም ተከተል የለውም፤ ሙታኑ እንደ መጡለት ያሰፍራቸዋል።

የቬትናም ደራስያን ማኅበር በ1991 ለዚህ ልብ ወለድ ሽልማት ሰጠ። ብዙ ሳይቆይ ግን መጽሐፉ የድሉን ክብር ያጎድፋል፣ የጀግኖችን ገድል በሐዘን ይሸፍናል ተብሎ ብርቱ ወቀሳ ደረሰበት፤ ለዓመታትም በአገሩ እንደገና ሳይታተም ቆየ። በባሕር ማዶ ግን በብዙ ቋንቋ ተተርጉሞ ተነበበ። በኋላ በአገሩም ታትሞ ከቬትናም ሥነ ጽሑፍ ታላላቅ ሥራዎች አንዱ ለመሆን በቃ። ባኦ ኒን ድሉን አልካደም፤ የድሉን ዋጋ ቆጠረ እንጂ። የቬትናም መንግሥት ራሱ በ1995 ባወጣው ቁጥር 1.1 ሚሊዮን ተዋጊዎችና 2 ሚሊዮን የሚጠጉ ሰላማዊ ሰዎች በጦርነቱ ሞተዋል። ይህን ያህል ሰው የገበረ ሕዝብ ከሐውልት ሌላ ሙሾም ያስፈልገዋል።

በሌላው ወገን ደግሞ በዋሽንግተን ከተማ በኅዳር ወር 1982 የተመረቀው ጥቁር ግድግዳ ይገኛል። ንድፉን የሠራችው ማያ ሊን ስትሆን፣ በግድግዳው ላይ ከ58,000 በላይ የአሜሪካውያን ሟቾች ስም ተቀርጿል። በኪነ ሕንጻ ረገድ ጥልቅ ስሜት የሚቀሰቅስ ሥራ ነው። በአንድ ጦርነት ውስጥ የሞቱት ቬትናማውያን፣ ከአሜሪካ ጎን ሆነው የወደቁትም ጭምር፣ በዚያ ግድግዳ ላይ ስም የላቸውም። በሆሊውድ ፊልሞችም ቬትናማዊው ብዙውን ጊዜ የሚሮጥ፣ የሚጮኽ፣ የሚሞት ነው፤ የሚናገር አይደለም። ንጉየን በ2015 ባሳተመውና በ2016 የፑሊትዘር ሽልማት ባገኘበት «ዘ ሲምፓታይዘር» በተባለው ረጅም ልብ ወለድ ይህንኑ በምፀት ገልጦታል። በልብ ወለዱ ውስጥ አንድ አሜሪካዊ የፊልም አዘጋጅ ስለ ቬትናም ጦርነት ፊልም ሲሠራ ለቬትናማውያኑ የተጻፈላቸው ንግግር አንድም የለም፤ የተጻፈላቸው ጩኸት ብቻ ነው።

የዚህ ልብ ወለድ ርእስ በአማርኛ «አዛኝ»ም «ደጋፊ»ም ሊባል ይችላል። ተራኪው በደቡቡ ሠራዊት ውስጥ የተሰገሰገ የኮሚኒስቶች ሰላይ ነው። ከሁለቱም ወገን ጓደኛ አለው፤ የሁለቱንም ሐዘን ያውቃል። መጽሐፉም ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ እስር ቤት ውስጥ ሆኖ ለገዛ ጓዶቹ የሚጽፈው ግለ ሂስ ነው። ለግለ ሂስ ስብሰባ እንግዳ ያልሆነ አንባቢ አካሄዱን ወዲያው ያውቀዋል። ሰውየው ይጽፋል፤ ይመለስለታል፤ ገና አልተናዘዝክም ይባላል። በመጨረሻ ከትዝታው ጓዳ ተጎትቶ የሚወጣው ነገር የሠራው ሥራ አይደለም። አንዲት የትግል ጓዱ በፊቱ ስትሠቃይ ዝም ብሎ ማየቱ ነው። ዝም ማለቱን ራሱ ረስቶት ነበር። ንጉየን የጻፈው ስለ ተሸናፊው ወገን ሆኖ ሳለ ተሸናፊውን ንጹሕ አያደርገውም። ተበዳይ የነበረ ሰው በዳይም ሊሆን ይችላል፤ ስደተኛ መሆን ከታሪክ ፍርድ ነጻ አያወጣም።

የስደተኛ ልብ ወለድ ከሁሉ የሚከብደው ፈተና ግን የሚነሣው ከገዛ ቤቱ ነው። በመክፈቻው ታሪክ የምትገኘው ሴት በዚያች ጀልባ ላይ ምን እንደ ደረሰባት ለማንም ተናግራ አታውቅም። ወንድሟ ፀጉሯን ቆርጦ፣ ወንድ ልጅ አስመስሏት፣ ከወንበዴዎች ሊያስጥላት ሲታገል ሞተ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ወላጆቿ በዓይናቸው አይተዋል፤ በቤተ ሰቡ ውስጥ ግን አንድ ቀን እንኳ ተነሥቶ አያውቅም። አማርኛ ለዚህ «ሆድ ይፍጀው» የሚል ቃል አለው። ሆድ ይፍጀው ያለ ሰው አልረሳም። የሚናገረው ነገር ሰሚውንም ራሱንም የሚያቃጥል በመሆኑ ለብቻው ተሸክሞታል። ለብዙ የስደተኛ ወላጅ ዝምታ ለልጁ የሰጠው ስጦታ ነው፤ ልጁ ያለ ሸክም እንዲያድግ ብሎ የከፈለው ዋጋ ነው።

እንግዲህ ልጁ አድጎ ደራሲ ሲሆን ምን ያድርግ? እናቱ ሆድ ይፍጀው ያለችውን እርሱ አደባባይ ሊያወጣው ይገባዋልን? ንጉየን በ2023 ባሳተመው የትዝታ መጽሐፍ የእናቱን ሕመም ሲጽፍ ከዚህ ጥያቄ ጋር ሲታገል ይታያል። ዝም ካለ፣ ታሪኩን የሚናገረው ያ የፊልም አዘጋጅ ይሆናል። ከተናገረ፣ የእናቱን ገመና ለባዕድ አንባቢ ሸጠ ሊባል ይችላል። ይህን አጣብቂኝ ሙሉ በሙሉ የፈታው ደራሲ የለም። የተሻሉት ያደረጉት ግን አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም ዝምታውን ራሱን የታሪኩ አካል ማድረጋቸው ነው። ወላጅ የተናገረውን ይጽፋሉ፤ ያልተናገረውን ደግሞ እንዳልተናገረው አድርገው ይተዉታል።

ይህ ጉዳይ ለኢትዮጵያ ሥነ ጽሑፍ የሩቅ አይደለም። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1980 የወጣው የስደተኞች ሕግ የተወለደው በአመዛኙ ከኢንዶቻይና በመጣው ስደት ሳቢያ ነው። በሱዳን ካምፖች የነበሩ ብዙ ኢትዮጵያውያን በ1980ዎቹ ወደ አሜሪካ የገቡት በዚሁ ሕግ በተከፈተው በር ነበር። ዲናው መንግሥቱ በ2007 ያሳተመው፣ በብሪታንያ «የአብዮት ልጆች» ተብሎ የወጣው ልብ ወለድ ዋና ገጸ ባሕርይም በዋሽንግተን አንዲት ትንሽ ግሮሰሪ ያለው ኢትዮጵያዊ ነው፤ አባቱን ያጣው በአብዮቱ ዘመን ነው። ሌሊት ከሁለት አፍሪካውያን ጓደኞቹ ጋር ተቀምጦ የአፍሪካን መፈንቅለ መንግሥታት ስምና ዓመት እየጠሩ ይጫወታሉ። የሳን ሆዜው ግሮሰሪና የዋሽንግተኑ ግሮሰሪ ባለቤቶች ቢገናኙ የሚግባቡበት ቋንቋ አይኖራቸውም፤ ዕቃ እየደረደሩ የሚያስቡትን ግን አንዱ የሌላውን ያውቃል።

ቋንቋ ራሱ ከስደት ኪሳራዎች አንዱ ነው። በአሥር ዓመቷ በጀልባ ከቬትናም ወጥታ፣ በማሌዢያ ካምፕ በኩል ካናዳ የገባችው ኪም ቱይ በ2009 በፈረንሳይኛ የጻፈችውን ልብ ወለድ «ሩ» ብላ ሰየመችው። ቃሉ በፈረንሳይኛ ትንሽ ጅረት ማለት ነው፤ በቬትናምኛ ደግሞ እሹሩሩ። በአንዱ ቋንቋ የሚፈሰው በሌላው ሕፃን ያስተኛል። በባዕድ ቋንቋ የሚጽፍ ስደተኛ ሥራው ምን እንደሚመስል ይህች አንዲት ቃል ትናገራለች። የእናቱን እሹሩሩ ማንም በማያውቀው ሰው ጆሮ ውስጥ በሌላ ትርጉም ያሰማል።

የ«ስደተኞች» መድበል የመጨረሻ ታሪክ «አባት አገር» ይባላል። አንድ አባት በአሜሪካ የሚኖሩት የመጀመሪያ ልጆቹን ስም በሳይጎን ለወለዳቸው ልጆቹ ደግሞ አውጥቷል። ታላቂቱ ከአሜሪካ ስትመጣ ታናሿ የምታያት እንደ ራሷ የተሻለ ዕጣ ነው። እንግዳይቱ ግን ነኝ ያለችውን አልነበረችም፤ ስለ ኑሮዋ የነገረቻቸው ሁሉ ውሸት ነበር። በፍጻሜው ታናሺቱ የእኅቷን ፎቶግራፎች በእሳት ታቃጥላለች። የሄደው የቀረውን፣ የቀረው የሄደውን በምኞት ሥዕል ሲያይ መኖሩ በዚያ እሳት ያበቃል። ከዚያ በኋላ ሁለቱም እውነተኛውን ነገር ማየት ይጀምሩ ይሆናል።

የመክፈቻው ታሪክ ሴትም እንዲሁ ናት። ወንድሟ ከመጣ በኋላ ለሌሎች ስትጽፍ የነበረችው ሴት ከእናቷ ጎን ተቀምጣ ተረቶቿን መስማት፣ የራሷንም መጽሐፍ መጻፍ ትጀምራለች። ለመምህርና ለደራሲ ያለው አብነት እዚህ ላይ ነው። በየቤቱ ሆድ ይፍጀው ያሉ ሽማግሌዎችና አሮጊቶች አሉ፤ ከየትኛውም ወገን የሆኑ፣ ልጃቸው የቀረባቸው። ተማሪ ደብተሩን ይዞ አያቱ ዘንድ ቢቀመጥ፣ ሳያጣድፍ ቢጠይቅ፣ የተፈቀደለትን ጽፎ ያልተፈቀደለትን በልቡ ቢያኖር፣ አንድ መቃብር የሌለው ሰው ስም ያገኛል። ለመጠየቅ ግን ጊዜው አጭር ነው። እናቶች ያረጃሉ፤ ባሕሩን አቋርጦ በር ላይ የቆመውን ልጅ በመልኩ የሚያውቁት እነርሱ ብቻ ናቸው።